የሞተ ቋንቋ ለሚሉ ሰዎች የተሰጠ መልስ

ሠላሳ ስድስት ዓመት ላቲንና ግዕዝ፥ በኋለኞቹም ዓመታት ጥቂት ግሪክኛ ሳስተምር ኖሬ በ2011 ዓ.ም. ጡረታ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን ያስተማርሁበት ትምህርት ቤት የቀድሞ ተማሪዎቹን ሰብስቦ ግብዣ አደረገና እኔንም አስጠራኝ። ከፊተኛው ወንበር አስቀመጡኝ። ንግግር እንዲያደርግ የተመረጠው እኔ ካስተማርኋቸው አንዱ ነበር፤ ዛሬ ከፍ ያለ ሥራ ላይ ያለ፥ ብዙ ሰው የሚያዝ ሰው ነው። ስለ ትምህርት ቤቱ ብዙ መልካም ነገር ከተናገረ በኋላ ፈገግ ብሎ፥ «አንድ ነገር ብቻ ይቆጨኛል። አራት ዓመት ሙሉ፥ በሳምንት አምስት ሰዓት፥ የሞተ ቋንቋ አስተኝተን ሬሳ ስንጠብቅ ነበር። ያ ጊዜ የተሰረቀብን ጊዜ ነው» አለ። አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ሲመለከት ምን ላድርግ? ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን እንቅልፍ እንቢ አለኝ።

ይህን የምጽፈው ለእርሱ አይደለም። እርሱ እንጀራውን አግኝቷል፤ ቢቆጨውም ቁጭቱ የጥጋብ ቁጭት ነው። የምጽፈው ያን ዕለት በአዳራሹ ጀርባ ቆመው ለሳቁት ልጆች ነው። እነዚያ ልጆች ላቲን አንድ ቀን አልተማሩም፥ ትምህርቱ ከተቋረጠ ቆይቷልና፤ ግዕዝንም ከቅዳሴ በቀር አያውቁትም። ባላዩት ነገር መሳቅን የተማሩት ከትልቅ ሰው አፍ ነው። እናንተም ይህን መጽሐፍ የምታነቡ ወጣቶች ከእነርሱ ጋር በዕድሜ እኩዮች ናችሁና ነገሩን ከእኔም ወገን ስሙት።

ሌባ የተባለ ሰው ሁለት መንገድ አለው። አንዱ አልሰረቅሁም ብሎ መማል ነው፤ ሁለተኛው በእጁ የገባውን ቆጥሮ ፊት ለፊት ማስቀመጥ ነው። እኔ ሁለተኛውን መርጫለሁ። በሳምንት አምስት ሰዓት፥ በዓመት ሠላሳ ስድስት ሳምንት፥ አራት ዓመት ቢባዛ 720 ሰዓት ይሆናል። ይህን ያህል የሰው ልጅ ዕድሜ በእጄ ገብቷል። ከዚህ ውስጥ በእውነት የሰረቅሁት አለ፤ እርሱን አስቀድሜ ልናገር።

እኔ ራሴ ላቲን የተማርሁት በሚስዮን ትምህርት ቤት፥ ጢማቸው እስከ ደረታቸው ከወረደ አንድ ካፑቺን አባት ነው። ቋንቋውን ይወድዱት ነበር። ማስመሪያቸውንም ይወድዱት ነበር። የስም እርባታ የተሳሳተ ልጅ እጁን ዘርግቶ የጣቱን ጫፍ ይገጥማል፤ ማስመሪያው በጠርዙ ይወርዳል። እኔም ከዚያ ትምህርት ቤት ተምሬ ስወጣ ቋንቋውን ብቻ ሳይሆን ማስመሪያውንም ይዤ ወጣሁ። በ1975 ዓ.ም. ማስተማር ስጀምር እንደ ተማርሁት አስተማርሁ፤ ሰንጠረዥ በጥቁር ሰሌዳ ላይ መጻፍ፥ በአንድ ድምፅ ማስጮህ፥ የተሳሳተውን መቅጣት። ከዚያ በኋላ የቄሣርን የጋልያ ጦርነት መጽሐፍ አንስተን ዓረፍተ ነገሩን እየቆራረጥን ባለቤቱን፥ ተሳቢውን፥ ማሰሪያ አንቀጹን መፈለግ ነበር።

የዓድዋ ልጆች የሆኑ ተማሪዎች ፊቴ ተቀምጠው አንድ የሮማ ጄኔራል የሰውን አገር እንዴት እንደ ወረረ፥ መንደር እንዴት እንዳቃጠለ፥ ሕዝብ እንዴት ለባርነት እንደ ሸጠ ራሱ የጻፈውን በየቀኑ ሲያነቡ፥ «እናንተ ጋልያውያን ብትሆኑ ኖሮ ይህን ታሪክ እንዴት ትጽፉት ነበር?» ብዬ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኋቸውም። ይህን ጥያቄ ከጣሊያን ተማሪ ይልቅ ኢትዮጵያዊ ተማሪ በተሻለ ሁኔታ ይመልሰው ነበር። የሮማውያኑ ታኪቱስ ራሱ በ98 ዓ.ም. ገደማ በጻፈው አግሪኮላ በሚባለው መጽሐፉ በአንድ የብሪታንያ አለቃ አፍ ሮማውያንን ዘራፊ ብሎ የሚከስ ብርቱ ንግግር አስገብቷል። ሙሶሊኒ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ግንቦት 9 ቀን 1936 የሮማን ንጉሠ ነገሥታዊ ግዛት በእኛ ላይ መልሼ አቋቋምሁ ብሎ ሲያውጅ፥ በዚያው በሮማ ቋንቋ ከ1800 ዓመት በፊት የተጻፈ ክስ በመደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ነበር። ይህን ለልጆቹ አላስነበብኋቸውም፤ ለፈተና አይመጣም ነበርና።

ከዚህ የባሰም አለ። በ1979 ዓ.ም. ይመስለኛል፥ ከጎጃም የመጣ አንድ ልጅ ወደ ክፍሌ ገባ። ዘመናዊ ትምህርት ፈልጎ ነው እንጂ ዋሸራ ቅኔ ቤት ቆይቶ መወድስ የደረሰ ልጅ ነበር። ዕድሜው ከሌሎቹ ከፍ ያለ፥ ልብሱ ያረጀ፥ ዝምተኛ ነው። እኔ በሰሌዳው ላይ «ሮዛ» የሚለው ቃል ተሳቢ ሲሆን «ሮዛም» እንደሚል ጽፌ፥ ይህ በዓለም ላይ እጅግ የረቀቀ ሰዋስው እንደ ሆነ ስናገር እጁን አነሣ። «የኔታ፥ ይህማ እኛ ዘንድ ንጉሥ የነበረው ተሳቢ ሲሆን ንጉሠ እንደሚለው ነው። መድረሻው ከተለወጠ ቃሉን ወደፈለጉበት ቢወስዱት አይጠፋም፤ ለቅኔ ይመቻል» አለ። ክፍሉ ሳቀ፤ «የኔታ» በማለቱ ነው የሳቁት። እኔም ስቄ፥ «እዚህ የኔታ የሚባል የለም፤ መምህር በል» አልሁት።

ልጁ ግን ሳያፍር ሌላ ጥያቄ ጨመረ። «እኛስ በዚህ ቋንቋ መቼ ነው የምንቆጥረው?» አለኝ። ቅኔ ቤት የገባ ልጅ ቋንቋውን ገና በወጉ ሳያውቀው ሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ያርመዋል፤ በማግሥቱ ሌላ ይቆጥራል። የሌላውን ቅኔ ደግሞ መናገር ነውር ነው። ስለዚህ ላቲንንም የሚማር ሰው በላቲን አዲስ ነገር ይደርሳል ብሎ ማሰቡ ነበር። እኔ በዚያን ጊዜ ላቲን ካነበብሁ አሥራ ስድስት ዓመት አልፎኝ ሳለ በላቲን አንዲት ስንኝ ገጥሜ አላውቅም። ይህን መናገር አፈርሁና፥ «ተቀመጥ፤ አስቀድመህ ሰንጠረዡን አጥና» አልሁት። ተቀመጠ። በሁለተኛው ወር ትምህርቱን ትቶ ሄደ፤ ወዴት እንደ ሄደ አላውቅም።

እንግዲህ ያ ትልቅ ሰው ስለ ተሰረቀ ጊዜ ሲናገር ልቤን የወጋው ይህ ነው። ሌባውስ እኔ ነበርሁ። የተሰረቀው ግን ላቲን በመማር የጠፋው ሰዓት አይደለም፤ ሁለቱ ቋንቋዎች በአንድ ክፍል ተገናኝተው ሊነጋገሩ ሲሉ አፋቸውን የያዝሁባቸው ያ ሰዓት ነው።

አሁን ደግሞ ጠበቆቻችንን ልውቀስ፤ ከከሳሾቻችን ይልቅ የጎዱን እነርሱ ናቸውና። የላቲን መምህራን ትምህርታችን ሊሰረዝብን በደረሰ ቁጥር የምንደረድራቸው ምክንያቶች አሉን። ላቲን አእምሮን ይስላል እንላለን። ላቲን የአውሮፓ ቋንቋዎች ሁሉ እናት ናት እንላለን፤ ውሸት ነው፥ ጀርመንኛም ግሪክኛም ከላቲን አልተወለዱም። ሐኪምና ዳኛ የሚሆን ሰው ላቲን ያስፈልገዋል እንላለን፤ የጭን አጥንት ፌሙር እንደሚባል ለማወቅ ግን አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል፥ ኪኬሮን ማንበብ አያስፈልግም። አእምሮን ይስላል ለሚለውም፥ ላቲን የጠገቡ ደነዞች አይቻለሁ፤ ከላይ ያወራሁላችሁ መምህር አንዱ ነው። እነዚህን ምክንያቶች ለትምህርት ቤቱ አስተዳዳሪዎች በየዓመቱ ሳቀርብ ኖሬአለሁ። የኮምፒዩተር ትምህርት ሲመጣ «እርሱም አእምሮን ይስላል፥ በዚያ ላይ ሥራ ያስገኛል» አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ። በሐሰት ምክንያት የቆመ ነገር የተሻለ ሐሰት ሲመጣ ይወድቃል።

እውነተኛውን ምክንያት ያገኘሁት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፥ ከዚያው ግብዣ ማግሥት ነው። ቂሜን ይዤ ወደ ትምህርት ቤቱ ተመለስሁና የዕቃ ቤቱን ጠባቂ፥ «የድሮ መጻሕፍቴን ልይ» ብዬ ለመንሁት። ከጥግ አንድ እግሩ ያጠረ ጠረጴዛ አለ፤ ከአጭሩ እግር ሥር አንድ ወፍራም መጽሐፍ ተጎዝጉዟል። ጎንበስ ብዬ ጀርባውን ሳነብ የአውጉስት ዲልማን የግዕዝ መዝገበ ቃላት ሆኖ አገኘሁት፤ በ1955 በኒው ዮርክ እንደገና የታተመው። (የአውሮፓ መጻሕፍትን ዓመት በአውሮፓ አቆጣጠር፥ የእኛን በእኛ እጽፋለሁ።) ጠባቂው፥ «ጋሼ፥ ይውሰዱት፤ ማንም አያነበውም፤ እኛ ለጠረጴዛው ጡብ እንፈልጋለን» አለኝ። በመዝገብ ፈርሜ ተሸክሜው ወጣሁ።

ይህ መጽሐፍ መጀመሪያ የታተመው በ1865 በላይፕሲክ ነው። ከዚያ ወዲህ ከ160 ዓመት በኋላም ቢሆን የግዕዝን ጥንታዊ ጽሑፍ የሚመረምር ሊቅ በዓለም ሁሉ መጀመሪያ የሚገልጠው እርሱን ነው። እያንዳንዱ የግዕዝ ቃል በየትኛው መጽሐፍ፥ በየትኛው ምዕራፍ እንደሚገኝ፥ ከግሪክ የተተረጎመ ከሆነም የትኛውን የግሪክ ቃል እንደሚተካ ይናገራል። የሚናገረው ግን በላቲን ነው። የቃሉ ፍቺ በላቲን፥ ማብራሪያው በላቲን፥ ጥርጣሬው እንኳ በላቲን ነው። እኔ ሠላሳ ስድስት ዓመት ላቲንን በአንድ ክፍለ ጊዜ፥ ግዕዝን በሌላ ክፍለ ጊዜ ሳስተምር፥ አንዱ ለሌላው መክፈቻ መሆኑን በእጄ ይዤው አላየሁትም።

አንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። «ሀገር» የሚለውን ቃል ሁላችሁ የምታውቁት ይመስላችኋል። በአማርኛ አገር ስንል ተራራውን፥ ወንዙን፥ ሕዝቡን፥ ድንበሩን ሁሉ ነው። ዲልማን ዘንድ ብትሄዱ ግን ኡርብስ፥ ኦፒዱም፥ ኪዊታስ ይላችኋል፤ ይኸውም ከተማ፥ የተመሸገ መንደር፥ የዜጎች ማኅበር ማለት ነው። በግዕዙ መጽሐፍ ቅዱስ ሀገር ሲል ብዙውን ጊዜ ከተማ ማለቱ ነው። አውግስጢኖስ በላቲን ዴ ኪዊታቴ ዴዪ ያለውን ትልቅ መጽሐፍ በግዕዝ ሀገረ እግዚአብሔር ብንለው ቃል በቃል ይገጥማል። ኪዊታስም በበኩሉ መጀመሪያ ዜግነት ማለት ነበር፤ እየቆየ የከተማ ስም ሆነ። አንዱ ቃል ከከተማ ወደ አገር ሰፋ፤ ሌላው ከዜግነት ወደ ከተማ ጠበበ። በዚህ አንድ ቃል ስም ስንት ደም እንደሚፈስ ለምታዩ ልጆች፥ ቃሉ ከየት ተነሥቶ እዚህ እንደ ደረሰ ማወቅ የሬሳ ጥበቃ ይመስላችኋልን?

ሦስት ዓይነት ሰዎች እዚህ ላይ ይነሡብኛል።

የመጀመሪያው፥ «ይህ ሁሉ ወደ እንግሊዝኛ ተመልሷል» ይላል። እውነት አለው፤ ቮልፍ ሌስላው በ1987 ትልቅ የግዕዝ መዝገበ ቃላት በእንግሊዝኛ አሳትሟል፤ እኔም ገዝቼዋለሁ። ነገር ግን የሌስላው መጽሐፍ የቃሉን ዘመዶች በሌሎች ሴማውያን ቋንቋዎች ለማሳየት የተጻፈ ስለ ሆነ ቃሉ የተነገረበትን ስፍራ እንደ ዲልማን እያነሣ አይጠቅስም። ምስክሩን ለመስማት ወደ ዲልማን መመለስ ግዴታ ነው። ደግሞም የሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት የዲልማንን መጽሐፍ በኢንተርኔት ላይ አውጥተውታል፤ ማንም ልጅ በስልኩ በነጻ ሊያየው ይችላል። ታዲያ ላቲኑን ስልክ ይተርጉመዋ፥ ትሉኝ ይሆናል። ይተርጉምላችሁ፤ እኔም ሞክሬዋለሁ፥ ብዙውን ጊዜ ደኅና ይተረጉማል። ሲሳሳት ግን መሳሳቱን የሚነግራችሁ ማን ነው? የእናታችሁን ኑዛዜ የማታውቁት ሰው አንብቦ ቢነግራችሁ አመስግናችሁ ትሄዳላችሁን? ወረቀቱን እንየው አትሉምን?

ሁለተኛው ሰው ይከብዳል፤ አገሩን የሚወድ ነውና። «ግዕዝ ይበቃናል፤ የኪዳነ ወልድ ክፍሌ መጽሐፍ አለን፤ የፈረንጅ ቋንቋ ለምን?» ይላል። አለቃ ኪዳነ ወልድ በ1936 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ አደራቸውን ጠብቀው በ1948 ዓ.ም. ያሳተሙት መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ የአገራችን ትልቅ ሀብት ነው። የጻፉት ሰው ግን ግዕዝ ይበቃኛል ብለው አልተቀመጡም፤ ዕብራይስጥ፥ ሱርስት፥ ዐረብኛ እያመሳከሩ ነው የጻፉት። እርሳቸውን ከለላ አድርጎ ለመስነፍ መብት የለንም። በዚያውም ላይ ሁለቱ መጻሕፍት አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላሉ። ዲልማን ኢትዮጵያን በዐይኑ አላየም፤ አንድምታ በጉባኤ ሲነገር አልሰማም። መዝገቡም የታተመው እንግሊዞች በ1868 ከመቅደላ ወስደው ለንደን ያስገቧቸው የብራና መጻሕፍት ገና ሳይደርሱ ነው፤ ስለዚህ በእነርሱ ውስጥ ያለውን ቃል አላገኘውም። ሲልቫን ግሬቦ በ1952 ተጨማሪ አሳትሞለታል፤ ሥራው ግን ዛሬም አላለቀም። ዲልማን ያጣውን ኪዳነ ወልድ ዘንድ የምታገኙበት፥ ኪዳነ ወልድ ምስክር ሳይጠሩ ያለፉትን ዲልማን የሚያስመሰክርበት ስፍራ ብዙ ነው። አንደኛው በሀ፥ ሁለተኛው በአ በገ ደ ተራ ስለሚጀምሩ በጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ሲቀመጡ እንኳ አይመቹም። ሁለቱን የሚያገናኝ ሰው ያስፈልጋል፤ ይህም ሰው ከዋሸራም ከላይፕሲክም የተማረ መሆን አለበት። በሸንኮራ ተወልደው፥ ቱቢንገን ተምረው፥ በአሜሪካ ሚኔሶታ ተቀምጠው የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት ፊልም ሲዘረዝሩ የኖሩት በ2013 ዓ.ም. ያረፉት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ እንዲህ ያለ ሰው ነበሩ። የእርሳቸውን ወንበር የምትሹ ልጆች የት አላችሁ?

ለዚህ ለሁለተኛው ሰው አንድ ነገር ልጨምርለት። በ1652 አባ ጎርጎርዮስ የሚባሉ የአምሐራ ሰው፥ የመካነ ሥላሴ ተወላጅ፥ በጀርመን አገር ጎታ ከተማ ከኢዮብ ሉዶልፍ ጋር ተቀምጠው የአገራቸውን ቋንቋ፥ ታሪክና ልማድ አስረዱት። ከዚያ በፊትም በ1649 በሮማ ተገናኝተው ነበር። ሉዶልፍ የሰማውን ሁሉ ጻፈ። በ1661 የግዕዝ መዝገበ ቃላትና ሰዋስው፥ በ1681 የኢትዮጵያ ታሪክ፥ በ1691 የዚያ ታሪክ ሐተታ፥ በ1698 የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አወጣ። ሁሉም በላቲን ነው። እናንተ ዛሬ የምታነቡት የዚህ ቋንቋ ሰዋስው በመጽሐፍ ሲታተም መጀመሪያ የተብራራው በላቲን ነበር ማለት ነው። አባ ጎርጎርዮስ ግን ወደ አገራቸው ሲመለሱ በ1658 መርከባቸው ተሰብሮ በባሕር ቀሩ። ድምፃቸው ያለው በዚያ ላቲን ውስጥ ነው። የፈረንጅ ቋንቋ ነው ብሎ መጽሐፉን የሚዘጋ ሰው የሚዘጋው በፈረንጅ ላይ ሳይሆን በአንድ ስደተኛ የአገሩ ልጅ አፍ ላይ ነው።

ደግሞስ ላቲንና ግዕዝ ይህን ያህል ባዕዳን ናቸውን? ቄሣር፥ ዲናር፥ ሌጌዎን የሚሉት ቃላት ከላቲን ተነሥተው፥ በግሪክ በኩል አልፈው፥ ግዕዝ ቤት ገብተው ከተቀመጡ ስንት መቶ ዓመት ሆኗቸዋል። ከሁሉ ይልቅ የሚገርመኝ ግን የመጽሐፈ ኩፋሌ ነገር ነው። ይህ መጽሐፍ በዕብራይስጥ ተጽፎ ወደ ግሪክ ተመለሰ፤ ከግሪኩም አንዱ ወደ ግዕዝ፥ አንዱ ወደ ላቲን ተረጎመው። ግሪኩ ከጥቂት ጥቅሶች በቀር ጠፋ። ግዕዙ ሙሉ ሆኖ በእኛ ገዳማት ቆየ። ላቲኑ ደግሞ ሚላኖ በሚገኘው በአምብሮዚያና ቤተ መጻሕፍት፥ ተፍቆ ሌላ ጽሑፍ በተጻፈበት ብራና ላይ፥ ከሥር ደብዝዞ ተገኘ፤ ቼሪያኒ የሚባል ሊቅ በ1861 አሳተመው። ከፊሉ ብቻ ነው የተረፈው። በዚያው ብራና ላይ የሙሴ ዕርገት የሚባል፥ በሌላ በየትም ቋንቋ ያልተገኘ መጽሐፍ ነበረበት፤ መጽሐፈ ሄኖክን ሙሉውን ግዕዝ ብቻውን እንዳቆየልን ማለት ነው። ከ1947 ጀምሮ በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻዎች የኩፋሌ ዕብራይስጥ ቁርጥራጭ ሲገኝ ግዕዙ ምን ያህል በታማኝነት እንደ ተተረጎመ ታወቀ። የኩፋሌን ግዕዝ ከላቲኑ ጋር ቃል በቃል ማስተያየት የሚችል ወጣት በአገራችን ስንት አለ? ግዕዙን በቃሉ የሚያውቅ የገዳም ሰው አለ፤ ላቲኑን የሚያውቅ ከዘርአ ክህነት የወጣ ሰው አለ። ሁለቱ በአንድ ከተማ እየኖሩ አይተዋወቁም። ቢተዋወቁም፥ አንዱ «የኔታ» ሲል ሌላው ይስቃል።

ሦስተኛው ሰው ድሀ ነው፤ እርሱን አልከራከረውም። «ይህ እንጀራ ይሆነኛልን?» ይለኛል። አይሆንህም። ለእኔም እምብዛም አልሆነኝም፤ ልጆቼ ጫማ የለወጡት ከሰዓት በኋላ እንግሊዝኛ በማስጠናት ባገኘሁት ገንዘብ እንጂ በኪኬሮ አይደለም። እናትህ ከአንተ ደመወዝ የምትጠብቅ ከሆነ ሒሳቡንም ኮምፒዩተሩንም ተማር፤ ግዕዝና ላቲን ተማር ብሎ ከዚያ የሚያስቀርህ ሰው ጠላትህ ነው። እኔ የምለምንህ በቀን አንድ ሰዓት ነው፤ እርሱም ማታ በስልክህ ላይ የምታጠፋው ሰዓት። የዲልማንን ላቲን ለማንበብ ሊቅ መሆን አያስፈልግህም። የመዝገበ ቃላት ላቲን ደረቅና አጭር ነው፤ ዓረፍተ ነገር የሚያጠማዝዝ ኪኬሮ በዚያ የለም። ግዕዝ የቀመሰ ልጅ ባለቤትና ተሳቢ፥ ዘርፍና ባለዘርፍ ምን እንደ ሆነ ያውቃልና በአንድ ዓመት ይደርስበታል። ያ የዋሸራ ልጅ በስድስት ወር በደረሰበት ነበር።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሦስት ወጣቶች ወደ ቤቴ ይመጣሉ። አንዷ የሕግ ተማሪ ናት። ፍትሐ ነገሥትን ስታነብ ከግዕዙ በስተጀርባ ዐረብኛው፥ ከዐረብኛው በስተጀርባ የግሪኩ ሕግ፥ ከእርሱም በስተጀርባ የሮማውያን ሕግ እንዳለ አስተማሪዋ ነግሯት ነው የመጣችው። አንዱ መካኒክ ነው፤ የሚመጣው እጁን በነጭ ጋዝ ታጥቦ ነው፤ መጽሐፉን ከመንካቱ በፊት እኔ ደግሞ በሳሙና አስታጥበዋለሁ። ሦስተኛው ዲያቆን ነው፤ ቅኔ ተምሯል። ሰንጠረዝ አላስጮህም። አንድ የግዕዝ ቃል እናነሣለን፤ ከዲልማን እናነባለን፥ ከኪዳነ ወልድ እናነባለን፤ ከዚያም እያንዳንዳቸው ቃሉን አግብተው በላቲን አንድ ዓረፍተ ነገር፥ በግዕዝ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጽፋሉ። እኔም እጽፋለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ዲያቆኑ በግዕዙ ላይ ሁለት ጊዜ አረመኝ፤ በሁለተኛው ላይ ተከራክሬ ነበር፥ ኪዳነ ወልድን ገልጠን ስናይ ግን እርሱ ልክ ሆነ። እስካሁን ያለነው በሐ ፊደል ላይ ነው።

ጠረጴዛው አምስት ሰው ይይዛል። መምጣት የሚፈልግ ደብተርና እርሳስ ይዞ ይምጣ፤ በእስክሪፕቶ አላስጽፍም፥ ብዙ እንሳሳታለንና።